የቤታችሁን ቆሻሻ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ባለፈው ሳምንት ስንት ዳቦ ጣላችሁ? ብዙ ሳታስቡ መልሱ። የመጣላችሁን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉትና አስቀምጡት፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

እኔ መጀመሪያ ራሴን ስጠይቅ መልሴ «እኛ ቤት ዳቦ አይጣልም» ነበር። ከልቤ ነው ያልኩት። ሰው ቢጠይቀኝ እምልለት ነበር። ከዚያ የአንድ ሳምንት ቆሻሻችንን ላስቲክ ላይ አውጥቼ ስለየው ዘጠኝ ደረቅ ቁራጭ አገኘሁ፣ አንድ ሙሉ ዳቦ ደግሞ ሻግቶ ከነፌስታሉ ወጣ። ማን እንደጣለው የሚያስታውስ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። ደግሞ ማንም አልዋሸም። ሁላችንም እውነት መስሎን ነው።

ስለ ራሳችን የምናወራው አንድ ነገር ነው፣ የምንጥለው ሌላ። በሁለቱ መሀል ያለውን ክፍተት ለማየት ጓንት፣ ሚዛንና ሁለት ሳምንት ይበቃል። እንዴት እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ።

ይህን ነገር እንደ ሙያ የያዘው ሰው ዊልያም ራትጂ ይባላል። በአሜሪካ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አርኪዮሎጂስት ነበር። አርኪዮሎጂስት መቼም አብዛኛው ሥራው የጥንት ሰዎች የጣሉትን ቆፍሮ አኗኗራቸውን ማወቅ ነው፤ የተሰበረ ሸክላ፣ የተጋጠ አጥንት፣ አመድ። ራትጂ ይህንኑ መንገድ በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1973 በቱሳን ከተማ ከተማሪዎቹ ጋር የቤት ቆሻሻ እየሰበሰቡ መለየት፣ መመዘንና መመዝገብ ጀመሩ፣ ሥራው ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። በጎን ደግሞ ሰዎቹ ምን እንደሚበሉና እንደሚጠጡ በቃለ መጠይቅ ይጠየቁ ነበር።

መልሱና ከረጢቱ አልተገናኙም። በተለይ አልኮል ላይ ሰዎች የሚጠጡትን ከ40 እስከ 60 በመቶ ቀንሰው ነበር የሚናገሩት። ጠርሙሱና ጣሳው ግን ቁጭ ብሎ ይቆጠራል። እኔ ይህን ሳነብ የተሰማኝ ሰው ውሸታም ነው የሚል ስሜት አልነበረም። የማስታወስ ችሎታችን ለራሳችን ያደላል፣ ያ ነው። ቆሻሻ ደግሞ ለማንም አያደላም።

መጀመሪያ፦ የማን ቆሻሻ?

የራሳችሁን ብቻ። የጎረቤትን፣ የተከራይን፣ የቀድሞ ጓደኛን ከረጢት መክፈት አይነሳ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አንድ ከረጢት ስንት ነገር እንደሚያወጣ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

«ጣለው እኮ፣ ከጣለው የማንም አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካሊፎርኒያ ግዛትና ግሪንውድ በተባለ ሰው መሀል የነበረን ጉዳይ አይቶ፣ ፖሊስ ደጅ የወጣ ቆሻሻን ያለ ብርበራ ማዘዣ መፈተሽ ይችላል ብሎ 6 ለ 2 ወሰነ። ምክንያቱም ደጅ የተቀመጠ ከረጢትን እንስሳም፣ ልጅም፣ መንገደኛም ሊከፍተው እንደሚችል ሁሉም ያውቃል የሚል ነው። በውሳኔው ያልተስማሙት ዳኛ ብሬናን በበኩላቸው አንድ የቆሻሻ ከረጢት ስለ ሰው አመጋገብ፣ ንባብና መዝናኛ ብዙ እንደሚመሰክር ጽፈዋል። እኔ ከሳቸው ጋር ነኝ። ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፣ የሰው ገመና ግን የትም ገመና ነው።

የራሳችሁ ቤት ውስጥም ቢሆን አብረዋችሁ የሚኖሩትን ጠይቁ። አንድ ሰው የመኝታ ክፍሌ ቅርጫት አይነካ ካለ አይነካም። የመታጠቢያ ቤቱም እንደዚያው። ወጣት ልጆች ካሉ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፣ እናትና አባት በዚህ ሰበብ ልጃቸውን መሰለል ከጀመሩ ነገሩ ተበላሸ።

ችግሩ ሰው እንደሚታይ ሲያውቅ ጠባዩን ማሳመሩ ነው። ወይን ጠርሙሱ ሌላ ቦታ ይጣላል፣ የተረፈው ምግብ በግድ ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት ሳምንት ሰብስቡና የመጀመሪያውን አትቁጠሩት። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ይሰለቻል፣ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ዝግጅት

ተራ ሳምንት ምረጡ። በዓል የሌለበት፣ እንግዳ የማይመጣበት፣ ማንም የማይታመምበት። ሰባቱም ቀን መግባት አለበት፣ ምክንያቱም የሥራ ቀን ቆሻሻና የእረፍት ቀን ቆሻሻ አንድ አይደለም።

የየክፍሉን ለየብቻ ያዙ። የወጥ ቤቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ፣ የሥራ ጠረጴዛው። አንድ ላይ ከተቀላቀለ ግማሹ መረጃ ጠፋ ማለት ነው። የወጥ ቤት ቅርጫት ውስጥ የተገኘ የራስ ምታት ክኒን ማሸጊያና አልጋ አጠገብ የተገኘው አንድ ዓይነት ታሪክ አይናገሩም። ከረጢቱ ላይ ቀንና ክፍል በማርከር ጻፉ።

ሽታውስ? ርጥቡን፣ ማለትም ልጣጭና የምግብ ትርፍራፊውን፣ በየቀኑ ማታ መዝናችሁ መዝግባችሁ ጣሉት። ፎቶ አንሱት፣ ይበቃል። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የሚጠራቀመው ደረቁ ነው፦ ማሸጊያ፣ ጠርሙስ፣ ወረቀት፣ ጣሳ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ላጠራቅም ብዬ በአራተኛው ቀን ቤቱ መግቢያ አጣ።

ጓንቱ ወፍራም ይሁን። ስስ የሕክምና ጓንት መስታወት አይችልም። እጃችሁን ሳታዩ ከረጢት ውስጥ አትክተቱ፤ ምላጭ፣ መርፌ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ሊኖር ይችላል። ቤት ውስጥ መርፌ የሚወጋ ሰው ካለ መርፌው ጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ለብቻው ይግባ፣ ከዚህ ሥራ ውጪ ይሁን። ያበጠ የስልክ ባትሪ ካገኛችሁ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ እሳት ይነሳል። ማስክ አድርጉ፣ አየር ያለበት ቦታ ሥሩ፣ ትንንሽ ልጆችን አርቁ።

አትዘርግፉት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ከረጢቱን ገልብጣችሁ ከዘረገፋችሁት ቅደም ተከተሉን አጠፋችሁት። ከረጢት ንብርብር አለው። ከታች ያለው ቀድሞ የተጣለው ነው፣ ከላይ ያለው መጨረሻ የተጣለው። አርኪዮሎጂስቶች መሬት ሲቆፍሩ የሚጠቀሙበት ሕግ ይኸው ነው፣ ከረጢት ላይም ይሠራል። ስለዚህ ከረጢቱን በጎኑ አስተኙትና ከላይ እስከ ታች በመቀስ ቅደዱት። ልክ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል።

አንድ ከረጢት ላሳያችሁ። የኔው ነው፣ የወጥ ቤት ደረቅ ቆሻሻ፣ አምስት ቀን የቆየ።

ከሥሩ ረጅም ደረሰኝ አለ፣ ሰኞ ማታ የተቆረጠ። አጠገቡ የአትክልት መረብ፣ የሩዝ ከረጢት፣ የእንቁላል ካርቶን። ማለትም ሰኞ ይህ ቤት በትልቁ ገዝቷል፣ ለማብሰል አስቧል። ከዚያ በላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ የቅመም ማሸጊያ፣ የቅቤ መጠቅለያ ወረቀት። ማክሰኞና ረቡዕ በእርግጥ ተበስሏል። ወደ መሀሉ ስደርስ ነገሩ ይለወጣል። የተዘጋጀ ምግብ የመጣበት ሁለት የካርቶን ሣጥን፣ የአንድ ሰው መጠን ያለው ቶሎ የሚደርስ ፓስታ ማሸጊያ ሦስት፣ የጉልበት ሰጪ መጠጥ ጣሳ። ሐሙስ ነው። ከላይ ደግሞ ሳይከፈት የቀረ የሰላጣ ፌስታል፣ ውስጡ ውሃ ሆኗል። ከሰኞው ደረሰኝ ጋር አመሳከርኩት፣ አለ፣ ሦስተኛው መሥመር ላይ።

ይህ ከረጢት የሚለው «ሰዎቹ አባካኞች ናቸው» አይደለም። የሚለው «ሰኞ ያቀደውና ሐሙስ ደክሞ የሚገባው ሰው አንድ አይደሉም» ነው። ሰላጣውን የገደለው የሐሙስ ድካም ነው። ዘርግፌው ቢሆን ኖሮ የማየው ሰላጣና ሦስት ፓስታ ብቻ ነበር።

አመዘጋገብ

ደብተር ወይም ስልክ ላይ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ቀን፣ ክፍል፣ ዕቃው ምንድን ነው፣ ስንት ነው ወይም ምን ያህል ይመዝናል፣ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ ወይስ ልጣጭ፣ የታተመበት የመጠቀሚያ ቀን ካለ።

አንድ ሕግ አጥብቃችሁ ያዙ። ስትመዘግቡ የምታዩትን ጻፉ እንጂ የምታስቡትን አትጻፉ። «የወተት ጠርሙስ፣ ሩቡ ያልፈሰሰ፣ ቀኑ ከሁለት ቀን በፊት ያለፈ» ልክ ነው። «የባከነ ወተት» ልክ አይደለም። ምናልባት ተበላሽቶ ነው፣ ምናልባት ወድቆ ነው፣ ምናልባት ሕፃኑ አፉን አድርጎበት ነው። ፍርዱ ይቆየን።

ምግቡን በሦስት ክምር

አንደኛው የማይበላው ነው፦ የእንቁላል ቅርፊት፣ አጥንት፣ የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ። ሁለተኛው ተበልቶ የተረፈ፦ ሰሐን ላይ የቀረ፣ የተገመጠ ፍሬ፣ የዳቦ ጠርዝ። ሦስተኛው ሳይነካ የተጣለ። ከሁሉ የሚናገረው ሦስተኛው ነው። ሰሐን ላይ የቀረ ምግብ ስለ ሆድ ይናገራል፤ ሳይከፈት የተጣለ ግን ስለ ዕቅድ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ተስፋም ይናገራል። ጤናማ ምግብ እበላለሁ ብሎ የገዛ ሰው ተስፋ እዚያ ክምር ውስጥ ነው የሚገኘው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ያህል ምግብ ተጥሏል፣ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው ከየሰው ቤት የወጣ ነው። ከቤት የወጣው ብቻ በነፍስ ወከፍ በዓመት 79 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ክምር ሚዛን ላይ ስታስቀምጡ ብቻችሁን አይደላችሁም።

የራትጂ ቡድን ስለ ምግብ ብክነት ያገኘው ነገር ለኔ ከሁሉ ይበልጣል። አመጋገባችሁ በተደጋገመ ቁጥር የምትጥሉት ያንሳል። ያንኑ ዳቦ፣ ያንኑ እህል፣ ያንኑ አትክልት በየቀኑ የሚጠቀም ቤት የተረፈውን ነገ ይጨርሰዋል። ለአንድ ልዩ ምግብ ተብሎ የተገዛ ልዩ ነገር ግን አንድ ማንኪያ ይወሰድለትና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሞታል። ሦስተኛውን ክምር እዩት፣ በየቀኑ የምትበሉት ነገር ነው ወይስ አንዴ ሞክራችሁት የቀረ?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ የበሬ ሥጋ እጥረት ነበር። ሥጋ ሲጠፋ ሰው ይቆጥባል ብሎ ማሰብ ልክ ይመስላል። ቆሻሻው ውስጥ የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፣ በእጥረቱ ወቅት የተጣለው ሥጋ ጨመረ። ሰዎች ደንግጠው በብዛት ገዙ፣ የማያውቁትን የሥጋ ክፍል ጭምር ወሰዱ፣ ማቆየቱንም አሠራሩንም አላወቁበትም። ስለዚህ ቆሻሻችሁ ውስጥ የተበላሸ ብዛት ካያችሁ ስንፍናን ከመጠርጠራችሁ በፊት ፍርሃትን ጠርጥሩ። ቤቱ በቅርቡ ይጠፋል፣ ይወደዳል ብሎ የፈራው ነገር ነበር?

ከምግቡ ውጪ ያለው

እዚህ ላይ ዓይናችሁን የሚያሰለጥኑት ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

አንድ ዕቃ እስከ ምን ድረስ ተጠቅመውበት እንደተጣለ እዩ። የጥርስ ሳሙና ቱቦ በመቀስ ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ ከተጠረገ የሚቆጥብ እጅ አለ። ግማሹ ሳይወጣ ከተጣለ ወይ ችኮላ አለ ወይ አዲስ የመግዛት አቅም አለ። እርሳስ በጣት እስከማይያዝ ድረስ ተቀርጾ ነው የተጣለው ወይስ ገና ረጅም ሆኖ? የሳሙና ስንጣሪ ተገኘ ወይስ ከአዲሱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚያልቀው? የልጣጭ ውፍረት ሳይቀር ይናገራል። ስስና ረጅም ልጣጭ የለመደ እጅ ነው፤ ወፍራምና የተቆራረጠ ልጣጭ ወይ ጀማሪ ነው ወይ ሰዓቱ የደረሰበት ሰው።

የማሸጊያውን መጠን ቁጠሩ። የአንድ ሰው መጠን ያላቸው ብዙ ማሸጊያዎች አራት ሰው ካለበት ቤት ከወጡ፣ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ለየብቻ የሚበሉ ሰዎች አሉ ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ ቤት ይህን ሳይ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቢያንስ በሳምንት ሦስት ማታ አብረን እንብላ የተባባልነው።

የክኒን ማሸጊያ ካለ ኪሶቹን ቁጠሩ። ስንቱ ተከፍቷል፣ ስንቱ አልተከፈተም? ሐኪም ጨርሱ ያለው መድኃኒት ግማሹ ከነማሸጊያው ከተጣለ ሰውየው ሲሻለው አቁሟል። ይህ የራሳችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ በፍቅር ጠይቁ።

ደረሰኝ ላይ ዋጋውን ብቻ አትዩ፣ ሰዓቱን እዩ። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ የተገዛ ጣፋጭ ምሳ ሰዓት ላይ ከተገዛው ይለያል። ሳይከፈት የተጣለ ፖስታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊያዩት ያልፈለጉት ነገር ነው፣ ዕዳ ወይም ማስጠንቀቂያ። ተጨምድዶ የተጣለ ወረቀትን ዘርጉት፣ የራሳችሁ ከሆነ። ስንት ጊዜ ተጀምሮ የተተወ ደብዳቤ እዚያ አለ።

ቆሻሻ የማይናገረው

አሁን የሚከብደው ክፍል መጣ። ከረጢት እውነት ይናገራል፣ ሙሉውን ግን አይናገርም።

ውጪ የምትበሉት ምግብ እዚያ የለም። በማጠቢያው የተደፋ ሾርባና ወተት የለም። ለውሻ የተሰጠ፣ ለብስባሽ የተቀበረ፣ ለሰው የተላለፈ ልብስ፣ ጠርሙሱ ተመልሶ የተሸጠ መጠጥ፣ አንዱም የለም። ቆሻሻው ትንሽ የሆነ ቤት ቆጣቢ ሊሆን ይችላል፣ ሰዎቹ ቤት የማይውሉም ሊሆኑ ይችላሉ። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ሳምንት ብዙ ጠርሙስ የወጣበት ቤት እንግዳ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምሠራበት ልማድ ይህ ነው። አንድ ነገር ሲገርመኝ ሦስት ምክንያት እጽፍለታለሁ፣ ቢያንስ አንዱ ማንንም የማያሳጣ መሆን አለበት። አምስት ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ተገኘ እንበል። አንድ ሰው ያለአግባብ እየተጠቀመበት ነው። ወይም ቤቱ ሙሉ ታሟል። ወይም አንድ ሰው የመድኃኒት መደርደሪያውን አጽድቶ ቀኑ ያለፈበትን ደፍቷል። ክዳኑንና የታተመውን ቀን ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ይሆናል።

ይህ ማጽዳት የሚባል ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ ለቤት ውስጥ መርዛማ ቆሻሻ፣ ለቀለም፣ ለማሟሟያ፣ ለተባይ መድኃኒት፣ ልዩ የመሰብሰቢያ ቀን ተዘጋጅቶ ነበር። የራትጂ ሰዎች ከዚያ በኋላ ተራውን ቆሻሻ ሲፈትሹ መርዛማው ከበፊቱ በዝቶ አገኙት። ቅስቀሳው ሰው ጓዳው ያለውን እንዲያስታውስ አደረገው፣ ቀኑ ያመለጠው ግን ሌላ መውጫ ስላልነበረው ከተራው ጋር ጣለው። ስለዚህ ቤት የማጽዳት ሳምንት ላይ ቆሻሻ አትቁጠሩ። የምታዩት የዓመታት ጓዳ እንጂ የሳምንት ኑሮ አይደለም።

ግምታችንንም አንመነው። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ትልልቅ የቆሻሻ መድፊያዎችን መቆፈር ጀመረ። ብዙ ሰው መድፊያውን የሞላው ዳይፐር ነው ብሎ ያስብ ነበር። ሲለካ ዳይፐር ከ2 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ፣ ወረቀት ደግሞ 40 በመቶ ገደማ። ብስባሽ ሆኗል የተባለው ሁሉ አልበሰበሰም፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተጣለ ጋዜጣ አሁንም ይነበብ ነበር፣ ቀኑ ስለታተመበት ቆፋሪዎቹ የአፈሩን ንብርብር ዕድሜ የሚያውቁት በእሱ ነበር። ቤታችሁም ውስጥ ቦታ የሚይዘውና ዓይን የሚገባው አንድ አይደለም፣ መዝኑ።

ቆሻሻ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ግሬንፌልና ሀንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1896 ግብፅ ውስጥ ኦክሲሪንከስ በምትባል የጥንት ከተማ የቆሻሻ ኮረብታ መቆፈር ጀመሩ፣ አሸዋው ደረቅ ስለነበር ፓፒረሱ አልበሰበሰም። የግብር ደረሰኝ፣ ውል፣ የቤተሰብ ደብዳቤ በብዙ ሺህ ወጣ። በሰሜን እንግሊዝ ቪንዶላንዳ በሚባለው የሮማውያን ምሽግ ደግሞ በተቃራኒው ርጥብ መሬት ስስ የእንጨት ሰሌዳዎችን ጠብቆ አቆየ። ከነዚያ አንዱ ክላውዲያ ሴቬራ የተባለች ሴት ከ1900 ዓመት ገደማ በፊት ጓደኛዋን ሱልፒሲያ ሌፒዲናን ለልደቷ ቀን የጠራችበት ነው። ደብዳቤውን ጸሐፊ ነው የጻፈው፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን የፍቅር ቃላት ግን ራሷ በእጇ ጨምራለች። ተነቦ የተጣለ ወረቀት እንደ ማለት ነው። ዛሬ ግን የሁለቱን ሴቶች ፍቅር የምናውቀው እንዲህ ካለ የተጣለ ደብዳቤ ነው።

እንግዳ ሰው ቢያነበውስ?

ሳምንቱን ስትጨርሱ ከረጢቱን አንድ ጊዜ በማያውቃችሁ ሰው ዓይን እዩት። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ወረቀት፣ የመድኃኒት ስም፣ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ቤት የማትኖሩበትን ቀን የሚናገር የጉዞ ወረቀት። ስንቱን አገኛችሁ? እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ከረጢት ውስጥ ስሜን አሥራ አንድ ቦታ አገኘሁት፣ አብዛኛው የዕቃ መላኪያ ካርቶን ላይ ነበር።

የሚደረገው ይህ ነው። ካርቶን ከመጣሉ በፊት ስምና አድራሻ ያለበት ወረቀት ይላጣል። የባንክና የሕክምና ወረቀት ይቆራረጣል። ወረቀት መቁረጫ ማሽን የምትገዙ ከሆነ ረጃጅም ክር የሚያወጣውን አትግዙ፣ ወደ ፍርፋሪ የሚቆርጠውን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1979 ቴህራን ውስጥ የአሜሪካ ኤምባሲ ሲያዝ ሠራተኞቹ ቆራርጠዋቸው የነበሩ ሰነዶች ክር ክር ስለነበሩ በምንጣፍ ሠሪዎች እጅ ጭምር ተገጣጥመው ተነበዋል። ማሽን ከሌላችሁ ቀዳችሁ ርጥብ ቆሻሻ ውስጥ ቀላቅሉት።

የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ስም ላጡት ወይም በማርከር አጥፉት። የተረፈ መድኃኒት የሚቀበል ፋርማሲ ካለ እዚያ ውሰዱ፣ ከሌለ ከቡና አተላ ወይም ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ በታሸገ ፌስታል ጣሉት፣ ልጅ ወይም እንስሳ እንዳያነሳው። አሮጌ ስልክ፣ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ቅርጫት ውስጥ አይጣል። ፋይል ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል።

ካነበባችሁ በኋላ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስተካክሉ። ከዝርዝሩ ሦስተኛውን ክምር ብቻ ውሰዱና ከሁሉ የከበደውን አንድ ነገር ምረጡ። አሁን መጀመሪያ የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡና ሠንጠረዡ ላይ ካለው የዳቦ ቁጥር አጠገብ አስቀምጡት። ቤተሰቡን ሰብስቡና ወረቀቱን አሳዩ። ማን ጣለው የሚል ጥያቄ አይነሳ፣ መቼና ለምን ተረፈ ነው ጥያቄው። እኛ ቤት ዳቦው የሚደርቀው ሁለት ሰው በተለያየ ሰዓት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ስለሚገዛ ነበር። መፍትሔው የአንድ መስመር መልእክት ሆነ፦ «ዳቦ ይዣለሁ»። ሰላጣው ደግሞ ከሰኞ ዝርዝር ወጥቶ ቅዳሜ ገባ።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ዓይነት ተራ ሳምንት ድገሙት። ያው ሚዛን፣ ያው ሠንጠረዥ፣ ያው አከፋፈል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ እኛ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ብቻ አገኘን፣ ሰላጣ አልነበረም። የአንድ ሰው ፓስታ ማሸጊያው ግን አሁንም ሦስት ነው፣ አሁንም ሐሙስ።